የሸሪፋ ዶሮ

ከይሪያ ከቢስቲማ ወደ ኮምቦልቻ የተመለሰችው በአንድ እጇ ልብሷን በፌስታል፣ በሌላው አፉ በሻርፕ የታሰረ ቅርጫት ይዛ ነበር። ሐይቅ ላይ መኪና ስትቀይር፣ ደሴ ላይም ስትቀይር ቅርጫቱን ከጭኗ አላወረደችውም። የሚኒባሱ ረዳት «እሱን ከኋላ ላስቀምጥልሽ» ቢላት «ተወው፣ የሚሰበር ነገር ነው» አለችው። ሐረጎን አልፈው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ግን ያ የሚሰበር ነገር ከሻርፑ ስር አንገቱን አውጥቶ ተሳፋሪውን በአንድ ዓይኑ ቃኘ። ገብስማ ዶሮ ነበረች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከይሪያም ልትስቅ ፈልጋ ፊቷ እንቢ አላት።

ዶሮዋ የእናቷ ነበረች። እናቷ ሸሪፋ ከሞተች ገና ወር አልሞላም።

ከይሪያ ኮምቦልቻ ካለው ኮሌጅ ገብታ ጨርቃ ጨርቅ ስታጠና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። እናቷ የታመመችውም የሞተችውም እሷ የመንፈቀ ዓመቱን ፈተና ስትፈተን ነበር። ቤት ስትደውል ስልኩን የሚያነሳው ታላቅ ወንድሟ አብዱልባሲጥ ነው። «እማን አገናኘኝ» ስትለው አንዴ «ገበያ ወጥታለች» ይላል፣ አንዴ «ጎረቤት ለቅሶ ደርሳ ልትመጣ ነው» ይላል። የመጨረሻውን ፈተና ጨርሳ ስትወጣ ወንድሟን ከግቢው በር ላይ ቆሞ አገኘችው። አብዱልባሲጥ ሊወስዳት መጥቶ አያውቅም። ፊቱን አየች። ሰላምታውን እንኳ ሳትጠብቅ እዚያው አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለች።

ቤት ስትደርስ ለቅሶው አልፏል። ጎረቤቱ ለእሷ ሲል እንደገና ተሰብስቦ አለቀሰላት፤ ዱዓ ተደረገ፤ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። እናቷ እንዴት እንደሞተች ግን የሚነግራት ሰው ጠፋ። ምን አመማት? ምን አለች? ማን አጠገቧ ነበር? ብላ ስትጠይቅ ሴቶቹ አፏን ይይዟታል። «ተይው ልጄ፣ አላህ ይርሐማት በዪ። እሱን መነካካት ልብሽን ማድማት ነው።» አብዱልባሲጥ «አልተሰቃየችም» ይልና ያልፈዋል። አባቷ መሕሙድ ደግሞ ወሬው ገና ሲነሳ መቆፈሪያቸውን አንስተው ወደ ማሳ ይወጣሉ።

ሸሪፋ በዶሮዎቿ የታወቀች ሴት ነበረች። መግሪብ ሲቃረብ ከደጃፏ ቆማ «ኩሪዬ፣ ኩሪዬ» ስትል ከየአጥሩ ስር፣ ከየማሽላው መሃል እየተንደረደሩ ይመጡና እግሯ ስር ይራኮታሉ። ከይሪያ በደረሰች ጊዜ አንዳቸውም አልነበሩም። አባቷ ሁሉንም ለገበያ አስወጥተዋቸዋል። ገብስማዋ ብቻ ከአገዳ ክምር ውስጥ ተደብቃ ቀርታ ኖሮ፣ ሁሉ ነገር ጭር ካለ በኋላ ብቅ አለች። ትምህርት ሊጀመር ሲል ከይሪያ «እሷን ይዣት እሄዳለሁ» አለች።

«የት? ዶርም?» አለ ወንድሟ።

አባቷ ግን ወደ ጓዳ ገብተው ቅርጫት ፈልገው አመጡላት።

የከይሪያ ዶርም ከሴቶቹ ብሎክ ምድር ቤቱ ላይ፣ ከጥግ ያለው ክፍል ነው። አልጋው ብዙ ቢሆንም የሚኖሩበት ሦስት ብቻ ናቸው። አንደኛዋ ሀናን የደሴ፣ የሆጤ ልጅ ናት፤ አባቷ ሱቅ አላቸው፣ እሷም እንደ ባለሱቅ ልጅ አፏ የማያርፍ፣ ሰው የምትወድ ናት። ሌላዋ ማስተዋል የቦሩ ሜዳ ገበሬ ልጅ፣ ዝምተኛ፣ አንድ ነገር ካለች ግን አስባበት ነው። ከይሪያ ገብታ ቅርጫቱን መሬት ስታስቀምጥ ሁለቱም ከየአልጋቸው ተነሱ።

«ምንድነው እሱ?» አለች ሀናን።

«ዶሮ።»

«ወይኔ! ለምሳ ነው ለእራት?»

«አትታረድም። እዚህ ልትኖር ነው።»

ማስተዋል ቁጢጥ ብላ ሻርፑን ፈታችና የዶሮዋን ደረት በእጇ ዳሰሰች።

«ቄብ አይደለችም፤ የጠናች ናት። ትጥላለች። የማን ናት?»

«የእማ» አለች ከይሪያ።

ከዚያ በኋላ ስለ ምሳ ያነሳ የለም። ሀናን የጫማዋን ካርቶን ይዛ መጣች፤ ሲጠባት ከላውንጅ የብስኩት ካርቶን ለምና አመጣች። ማስተዋል ከብሎኩ ጀርባ ከሚሠራው ሕንፃ አሸዋ በባልዲ ቀዳች።

እንዲህ ሆነው አብረው መኖር ጀመሩ። ዶርም ውስጥ እንስሳ ማኖር ክልክል ነው፤ እንዳይታወቅባቸው ደግሞ ሥራው ብዙ ነው። ጠዋት ጠዋት ወለሉን በበረኪና ያጥባሉ። ከካፌ የተረፋቸውን እንጀራና ሩዝ በሶፍት ጠቅልለው ያመጡላታል። ዶሮዋ በሁለት ሳምንት ውስጥ ክፍሉን የራሷ አደረገችው። አንድ እግሯን ከፍ አድርጋ፣ አስባ፣ አስቀምጣ፣ ደረቷን ነፍታ ከበር እስከ መስኮት ትንጎራደዳለች።

«አካሄዷን አያችሁ?» አለች ሀናን። «ወላሂ ይቺ ፍሬሽማን አይደለችም።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ሲኒየሯ ሆነ።

ችግሩ እንቁላሏ ነበር። ሲኒየሯ በጣለች ቁጥር አገር ይወቅልኝ ብላ ታስካካለች። መጀመሪያ ያስካካች ዕለት ሦስቱም በድንጋጤ ተያዩ። ሀናን ቀድማ ነቃችና እጇን እያጨበጨበች ድምጿን ከፍ አድርጋ መንዙማ ጀመረች፤ ከይሪያ ተቀበለች፤ ማስተዋልም መስቀሏን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች አብራ አጨበጨበች። የብሎኩ ፕሮክተር እትዬ ቡዜ በሩን አንኳኩ።

«ምንድነው ይሄ?»

«መንዙማ ነው፣ እትዬ ቡዜ» አለች ሀናን በሩን ገርበብ አድርጋ።

«በትምህርት ሰዓት?»

«ክላስ የለንም።»

እትዬ ቡዜ ማስተዋልን አዩ፣ አንገቷ ላይ ያለውን መስቀል አዩ፣ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። ልጆቹ ትራስ አፋቸው ላይ ይዘው እስኪያማቸው ሳቁ። ከይሪያ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ ያመለጣት ያን ጊዜ ነው። ሳቋ ሲያልቅ ደግሞ ደነገጠች፤ የሰረቀችው ነገር መሰላት።

ቀን ቀን ደህና ናት። ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቂያው ስትጠጋ ነው የሚብሰው። በዚያ ሰዓት ሲኒየሯ ካርቶኗን ትታ በሩ ፊት ትቆማለች። አትጭርም፣ አትለቅምም፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ዝቅ ባለ ድምፅ ታጉረመርማለች። ሀናን «ምን ፈልጋ ነው?» ትላለች። ከይሪያ ምን እንደፈለገች ታውቃለች። ሀናንና ማስተዋል ለእራት ሲወጡ ጠብቃ፣ በርከክ ብላ፣ የእናቷን ድምፅ ለማውጣት ትሞክራለች። «ኩሪዬ፣ ኩሪዬ።» ዶሮዋ ዞር ብላ አይታት ወደ በሩ ትመለሳለች። ከይሪያ ቀጭን ታደርገዋለች፣ ታወፍረዋለች፣ ትስበዋለች፤ አይሆንም። የእናቷ ጥሪ መጨረሻው ላይ ትንሽ ወደ ላይ ይነሳ ነበር ወይስ ይወርድ ነበር? ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማው ኖራ እንዴት ይጠፋታል? አቅፋ ታነሳትና አፍንጫዋን ከላባዋ ውስጥ ትቀብራለች። እዚያ ውስጥ አቧራ ይሸታል፣ አገዳ ይሸታል፣ የጓዳቸው ጭስ ይሸታል። ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን ስትስብ የቤታቸው ደጃፍ ይመጣላታል፤ እናቷ እግሯን ዘርግታ የተቀመጠችበት፣ ጥላው የሚያርፍበት፣ ሁሉም።

ወራት ባለፉ ቁጥር ያ ሽታ እየሳሳ ሄደ። በአንድ ምሽት ከይሪያ ደጋግማ አሸተተቻት፤ በረኪናና የካፌ ሩዝ ብቻ ሸተታት። ዶሮዋን ቀስ ብላ ካርቶኗ ውስጥ መለሰቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ማስተዋል ገብታ «አመመሽ?» ብትላት «ራሴን ነው» አለቻት።

ዝናቡ ሊገባ ሲል ሲኒየሯ ሌላ ዶሮ ሆነች። ማስካካቱን ተወች። የከይሪያ ሎከር ክፍት ሆኖ ባገኘችበት ቀን ገብታ ሹራቦቹ ላይ ተቀመጠች፤ ሊያነሷት ሲሉ ላባዋን ነፍታ ትነቁራለች። እህል አስቀመጡላት፤ አልቀመሰችም። ማስተዋል እጇን ከሆዷ ስር ሰዳ አወጣች።

«መታቀፍ ፈልጋለች። ከስሯ ግን ምንም የለም፤ ስንበላባት ከርመን። እንዲህ ባዶውን ታቅፋ ከሰነበተች ትከሳለች። ልትሞትብሽ ትችላለች፣ ከይሪያ።»

«እንቁላል እንግዛላት?» አለች ሀናን።

«የሱቅ እንቁላል ምን ይሆናል? አውራ ያየው እንቁላል ነው የሚፈለፈል። ደግሞ ጫጩቱን የት ልታሳድጊው ነው፣ አልጋ ስር?»

ምክክሩ ሳያልቅ እትዬ ቡዜ የተበላሸ ቧንቧ የሚያይ ሠራተኛ አስከትለው ገቡ። ሎከሩ ክፍት ነበር። ሲኒየሯ ከሹራቦቹ መሃል ሆና በአንድ ዓይኗ አየቻቸው።

«ዶሮ ናት?» አሉ እትዬ ቡዜ።

ሀናን የሎከሩን በር ልትዘጋ እጇን ሰደደች፤ ረፍዶ ነበር።

«በእኔ ብሎክ? በእኔ ብሎክ ዶሮ? እኔኮ ያንን ሁሉ መንዙማ …» አሉና ሀናንን አፈጠጡባት። ከዚያ ሠራተኛውን ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሸኝተው በሩን ዘጉት። «የማን ናት?»

«የእኔ ናት» አለች ከይሪያ።

«እናቷ የተዉላት ናት፣ እትዬ» አለች ማስተዋል በዝግታ። «ጥር ላይ ነው የሞቱባት።»

እትዬ ቡዜ ቁልፎቻቸውን አገላበጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ወርዷል። «ነፍስ ይማር። እኔ ዛሬ ያየሁት ቧንቧ ነው። ቅዳሜ ስመለስ ግን እዚህ ክፍል ላባ እንኳ እንዳላይ። ገባሽ የኔ ልጅ? ሌላ ሰው ካያት እኔም አልተርፍ፣ አንቺም አትተርፊ።»

ማስተዋል «ቦሩ ሜዳ ልውሰዳት፤ እናቴ እንደ ዓይኗ ነው የምታያት» አለች። ከይሪያ አመሰገነቻት፤ ግን «እሺ» ማለት አቃታት። ስልኳን ይዛ ወጥታ ከልብስ ማስጫው ስር ተቀመጠችና ወደ ቤት ደወለች። አባቷ ስልክ ላይ ብዙ አይናገሩም። ከሐዘኑ ወዲህ ደግሞ ደህንነት ተጠያይቀው «አልሐምዱሊላህ» ተባብለው ነው የሚዘጉት።

«አባ፣ ዶሮዋ መታቀፍ ፈልጋ ተቀምጣለች።»

«እንቁላል አላት?» አሉ።

«የላትም። ባዶውን ነው።»

«እህል ትቀምሳለች?»

«አትቀምስም። ከዶርምም አስወጧት ብለውናል። ማስተዋል የምትባል ጓደኛዬ ቦሩ ሜዳ …»

«እንዴት ተደርጎ!» አሉ አባቷ። ድምፃቸው እንዲህ ከፍ ብሎ ከሰማችው ቆይቷል። «የእናትሽን ዶሮ ቦሩ ሜዳ ማን አውቋት? አምጫት። ነገ ዛሬ ሳትዪ አምጫት።»

ዓርብ ከክላስ በኋላ ሀናን እስከ ደሴ ሸኘቻት። መኪናው ሐረጎን ሲወጣ ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ምንም አይታይም ነበር። መሽቶባቸው ስለነበር ሆጤ፣ ሀናን ቤት አደሩ። ገና ከበሩ ሲደርሱ የሀናን እናት ወጥተው «አንቺ! ምነው እንዲህ ከሳሽብኝ? ካፌው ምንድነው የሚያበላችሁ? ፀጉርሽንስ ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» እያሉ ልጃቸውን ያገላብጧት ጀመር። ሀናን «እማ በቃ!» እያለች ትሸሻለች። ከይሪያ ቅርጫቱን በሁለት እጇ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች። የምታየው ሀናንን ነበር፤ ያንን «በቃ!» የምትልበትን ድምፅ። እሷም እንዲሁ ትል ነበር። እናትየው አይተዋት «ነይ ልጄ፣ አንቺም ከሳሽ» ብለው ጉንጯን ሲይዟት መሬት መሬት አየች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ቢስቲማ ስትደርስ አባቷ እስከ መንገዱ ወርደው እየጠበቋት ነበር። ቅርጫቱን ከእጇ ተቀብለው ቀድመው ሄዱ። ቤት ስትደርስ ከጓዳው ጥግ፣ ድሮ እናቷ ዶሮ ታስታቅፍበት ከነበረው ቦታ ላይ፣ በጭድ የተደለደለ ሰፌድ አየች። እንቁላሎች ተደርድረውበታል።

«ከአሚና ቤት ነው» አሉ አባቷ። አሚና ጎረቤታቸው ናት። «አውራ አላት። እኔ እነዚህን ነገሮች አላውቅም፤ እሷ ናት ያደላደለችው።»

ሲኒየሯን አስቀመጧት። ዶሮዋ ቆም ብላ አካባቢውን አየች፤ ከዚያ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በመንቆሯ ወደ ራሷ እየሳበች፣ ላባዋን ዘርግታ፣ ወገቧን እያወዛወዘች ተቀመጠችባቸው። ዓይኗን ከደነች። አባትና ልጅ ጓዳው ውስጥ ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለው አይተዋት አልጠግብ አሉ።

«ያን ጊዜ ለምን ሸጧቸው፣ አባ?» አለች ከይሪያ። ዶሮዋን እያየች ነው የጠየቀችው።

አባቷ ወደ ደጃፉ አዩ። «ማታ ማታ ደጁ ላይ ይሰበሰባሉ። ይጠብቋታል። ጥሬ ብበትንላቸው አይለቅሙልኝም፤ በሩን በሩን ያያሉ። እንዴት ልበላቸው? ለሰው ሞተች ይባላል፤ ለዶሮ ምን ይባላል?» መሐረባቸውን አውጥተው መልሰው ከተቱት። «አልቻልኩም። አስወጣኋቸው።»

ከይሪያ በዚያች ቅጽበት ካልጠየቀች መቼም እንደማትጠይቅ ገባት።

«አባ፣ ንገሩኝ። ሰው ሁሉ ተይው ይለኛል። እኔ ግን አላየሁም። እናንተ አይታችኋል፤ እኔ የያዝኩት ምንም የለም። እማ እንዴት እንዳለፈች ንገሩኝ።»

መቆፈሪያው በሩ ላይ ተደግፎ ነበር። አባቷ አዩት፤ ግን አልተነሱም።

«መጀመሪያ ጉንፋን መሰላት» አሉ። «ሐኪም ቤት ወስደናት መርፌ ሰጧት፤ ሻል አላት። ከዚያ ተመለሰባት። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቁኝ ትላለች፤ እኔና አብዱልባሲጥ ከነአጎዛዋ ተሸክመን ከግድግዳው ስር እናስቀምጣታለን። ከዚያ ሆና ታዝዛለች! ጥጃው በደንብ አልታሰረም ትላለች፤ ማድጋው ክዳኑ ክፍት ነው ትላለች። አንድ ቀን ሾርባ ሠራሁላት። በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። ቀምሳ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹መሕሙድ፣ ልትገድለኝ ነው ወይስ ልታድነኝ?›»

ከይሪያ ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጡ። እናቷ ናት። ራሷ ናት፤ የሷ አፍ ነው። ስንት ሰው አስተዛዝኗት፣ እናቷን ይዞላት የመጣ ግን አንድም አልነበረም።

«እኔንስ ጠይቃኛለች?»

«እንዴት አትጠይቅሽ? ስልክሽ በጮኸ ቁጥር ዓይኗ ወደ ስልኩ ነው። አብዱልባሲጥ ሲዋሽሽ እሷ እዚያው ናት፣ ትሰማዋለች። ‹ድምፄን ከሰማች ታውቅብኛለች፤ ጥላው ትመጣለች› አለች። ‹ፈተናዋ መቼ ነው የሚያልቀው?› ትለኛለች። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነው እላታለሁ። ‹ሐሙስማ እደርሳለሁ› አለች።» አባቷ መሬት የወደቀ ጭድ አንስተው ወደ ሰፌዱ መለሱ። «ፈተናሽ ሊያልቅ ከሳምንት በላይ ሲቀረው፣ ማክሰኞ ለሱብሂ ሶላት ስነሳ እጇ በእጄ ነበር። ላ ኢላሃ ኢለላህ ብላ ሸሃዳዋን ይዛለች፤ እኔ ነኝ ያስያዝኳት። አልደረሰችም ልጄ። ልትደርስ ፈልጋ ነበር።»

ከይሪያ አስፋልቱ ዳር ያላለቀሰችውን፣ በለቅሶውም በዶርሙም ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰችው። አባቷ «አታልቅሺ» አላሏትም። ከአጠገቧ ተቀምጠው እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አድርገው ቆዩ። ዶሮዋ አንዴ ዓይኗን ገልጣ አየቻቸውና መልሳ ከደነች።

በነጋታው እሁድ ከይሪያ ባዶ እጇን ተመለሰች። ደሴ ላይ ሀናንን አግኝታ አብረው ወረዱ። ኮምቦልቻ ሞቅ ብሎ፣ የፋብሪካ ሠራተኞች በሰንበት ዕረፍታቸው ወጥተው አስፋልቱ ዳር ይንሸራሸሩ ነበር። ዶርም ሲገቡ ካርቶኑ የለም፤ ማስተዋል ወለሉን አጥባ፣ አሸዋውን ደፍታ፣ ሎከሩን ወልውላ አሰናድታዋለች። ክፍሉ ሰፍቶ፣ ገርጥቶ ጠበቃቸው። ከይሪያ ሹራቧን ስታነሳ አንዲት ገብስማ ላባ ወደቀች፤ ሀናን ፈጥና አንስታ «ቡዜ እንዳያዩሽ» ብላ በመስኮት ጣለቻት። ከዚያ ያደረገችው ነገር ገብቷት አፏን ያዘች። ከይሪያ ግን «ደህና አደረግሽ» አለቻት።

ወደ አስር ሰዓት ገደማ ሦስቱም ልብስ ይዘው ወደ ብሎኩ ጀርባ ወጡ። ጎን ለጎን ተቀምጠው በየሳፋቸው ሲያጥቡ ቆዩ። ያለ ምክንያት ነው፤ ማንም ምንም አላላትም፤ ከይሪያ ከነአረፋው እጇን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ «እማ ሾርባ አይሆንላትም ነበር» አለች። «ማለቴ፣ ሰው ሲሠራላት። የአባቴን ሾርባ ቀምሳ ምን እንዳለች ልንገራችሁ?»

ስለ እናቷ በራሷ አንደበት ስታወራ ሰምተዋት አያውቁም። ማስተዋል የያዘችውን አንሶላ ወደ ሳፋው መለሰችው። ሀናን፣ ያቺ አፏ የማያርፈው ሀናን፣ ባልዲዋን ገልብጣ ተጠግታ ተቀመጠችበት። ከይሪያም ከጉንፋኑ፣ ከፀሐዩ ጀምራ ነገረቻቸው፤ ሐሙስ ጋ ስትደርስ ቆም አለችና እሱንም ነገረቻቸው። ከዚያም ወደ ኋላ ተመልሳ፣ ሸሪፋ እንዴት እንደምትስቅ፣ ገበያ ስትወጣ መንገድ ላይ ካገኘችው ሰው ሁሉ ጋር ቆማ ስታወራ እንዴት እንደምታስረፍድ፣ ኮሌጅ የሸኘቻት ዕለት መኪናው እስኪነሳ መስኮቱን ይዛ «ብርድ ልብሱን ታጠፊዋለሽ፣ እንዳትረሺ» ስትላት እንደነበር አወራቻቸው። ሦስት ሳፋ ልብስ ሳይታጠብ ውሃው ቀዘቀዘ። የመግሪብ አዛን ከከተማው በኩል ተሰማ፤ ከይሪያ ተነስታ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠራረገችና «ሰግጄ ልምጣ፤ ሌላም አለ» አለቻቸው።